ወንፈል የተማረ ኮምፒዩተር

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሽንፋ ላይ ያረሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። መስከረም ሊያልቅ፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል ቅጠሉ ይረግፋል፤ አገዳው ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉን ሊከፍት ይዘጋጃል። ያን ጊዜ ማጨድ ነው። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ሆኖ ካልቆመ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ፍሬው መሬት ይወርዳል። መሬት የወረደ ሰሊጥ ደግሞ ተለቅሞ አያልቅም። የዘገየ ገበሬ የዓመት ልፋቱን ለጉንዳን ሰጠ ማለት ነው።

አንድ ሰው ብቻውን በዚያች አጭር ጊዜ ሰፊ ማሳ አጭዶ አይጨርስም። ገንዘብ ያለው የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። የሌለው ወንፈል ይጠራል። ዛሬ እኔ ያንተን፣ ነገ አንተ የእኔን።

ወንፈል ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁንና አንድ ነገር እንጠይቅ። የእኔ ሰሊጥ ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ ወገቤ እየቆረጠኝ፣ ወደ ጎረቤቴ ማሳ የሚወስደኝ ምንድን ነው? የሚያስገድደኝ ዘበኛ የለም። ደመወዝም የለውም። ቤቴ ብተኛ ሰሊጤ እንደሆነ ታጭዷል። ታዲያ ለምን እሄዳለሁ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ምሁራን ከሰባ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት ኖረዋል። መልሱን ለማግኘትም ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ አጫወቱ። ኮምፒዩተር ቁጥር የሚያሰላ፣ የተነገረውን የሚያስታውስ መሣሪያ ነው። በኪሳችን በምንይዘው ሞባይል ስልክ ውስጥ ያለውም እርሱው ነው። ማሳ የለው፣ ወገብ የለው፣ ይሉኝታ የለው። እንዲህ ያለ ነገር ወንፈል ሊማር ይችላል? ይችላል። እንዴት እንደተማረ እንመልከት።

የጠጠር ጨዋታ

አስቀድመን ጨዋታውን እናውቀው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ጠጠር ይይዛሉ። ነጩ «ወንፈል መጣሁ» ማለት ነው። ጥቁሩ «ቀረሁ» ማለት ነው። ሁለቱም አንዱን ጠጠር በጭብጣቸው ይደብቁና እኩል ይከፍታሉ። ነጥቡን በማሽላ ፍሬ ቁጠሩት።

ሁለቱም ነጭ ካወጡ፣ ለያንዳንዳቸው 3 ፍሬ። ሁለቱም ጥቁር ካወጡ፣ ለያንዳንዳቸው 1 ፍሬ። አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር ካወጣ፣ ጥቁር ያወጣው 5 ይወስዳል፤ ነጭ ያወጣው ባዶ እጁን ይቀራል።

ቁጥሩ ለጨዋታ የተመረጠ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከማሳ አይርቅም። ሁለቱ ከተረዳዱ የሁለቱም ሰሊጥ በጊዜው ይታጨዳል። ሁለቱም ከቀሩ እያንዳንዱ ብቻውን የሚችለውን ያህል ያጭዳል፤ የቀረው ይረግፋል። አንዱ ብቻ ከመጣ ግን እርሱ የሰው ሰሊጥ ሲያጭድ የራሱ ይረግፍበታል።

እንግዲህ ጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምን ማውጣት ይሻላል? ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ጎረቤቴ ነጭ ቢያወጣ፣ እኔ ነጭ ባወጣ 3፣ ጥቁር ባወጣ 5 አገኛለሁ። ጥቁር ይሻለኛል። ጎረቤቴ ጥቁር ቢያወጣስ? ነጭ ባወጣ ባዶ፣ ጥቁር ባወጣ 1። አሁንም ጥቁር ይሻለኛል። ስለዚህ ጥቁር አወጣለሁ። ጎረቤቴም ልክ እንደ እኔ አስቦ ጥቁር ያወጣል። ሁለታችንም አንዳንድ ፍሬ ይዘን እንገባለን። ሦስት ሦስት ማግኘት ስንችል! ሁለታችንም ሒሳቡን አልተሳሳትንም፤ ሁለታችንም ግን ከሰርን። ክፋቱ ይኸ ነው።

ይህን ጨዋታ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሒሳብ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሁለት እስረኞች ተረት ነው። እኛ እስረኞቹን ትተን በሰሊጥ አወራነው፤ ሒሳቡ ያው ነው።

አጭሩ አሸነፈ

ታዲያ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዘንድሮም፣ ለከርሞም፣ ገበያም፣ ለቅሶም ይገናኛል። ጨዋታው ቢደጋገምስ?

ይህን የጠየቀው በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሮበርት አክስልሮድ ነው። ለብዙ ምሁራን «በጠጠሩ ጨዋታ የሚጫወት የኮምፒዩተር ሕግ ጽፋችሁ ላኩልኝ» ሲል ጻፈ። 14 ሕጎች ደረሱት። ሁሉንም እርስ በርስ አጋጠማቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር 200 ጊዜ ጠጠር ያወጣል። ውጤቱን በ1980 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በእኛ አቆጣጠር 1972 ዓ.ም. ግድም መሆኑ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በየመንደሩ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ሀ ሁ ሲቆጥር በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

ከተላኩት ሕጎች አንዳንዶቹ ተንኮለኞች ነበሩ። ብዙ ጊዜ ነጭ አውጥተው ያዘናጉና ድንገት ጥቁር ጣል ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ የሌላውን ጠባይ የሚያጠኑ ረጃጅም ሕጎች ነበሩ። ያሸነፈው ግን ከሁሉ አጭሩ ሆነ። የላከው በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አናቶል ራፖፖርት ነው። ሕጉ ይኸውላችሁ፦ መጀመሪያ ነጭ አውጣ። ከዚያ በኋላ ያኛው ባለፈው ያወጣውን አውጣ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኛ ይህን ሕግ «ብድር መላሽ» እንበለው። በአማርኛችን ብድር መመለስ ሁለት ፊት አለው። ውለታ መመለስም ነው፤ በደል መመለስም ነው። ሕጉም እንዲሁ ነው። ለመጣ ይመጣል፤ ለቀረ ይቀራል።

አክስልሮድ ውድድሩን ደገመው። አሁን ከስድስት አገሮች 62 ሕጎች መጡ። ሁሉም የመጀመሪያውን ውጤት አንብበዋል፤ ብድር መላሽን ለመጣል ተዘጋጅተዋል። ብድር መላሽ እንደገና አሸነፈ።

አሁን እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ብድር መላሽ ሁልጊዜ ጥቁር ከሚያወጣ ከዳተኛ ጋር ቢገጥም፣ በመጀመሪያው ዙር ባዶ ያገኛል፤ ከዳተኛው 5። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጥቁር ስለሚያወጡ በ199 ዙር 1፣ 1 ያገኛሉ። ድምሩ ብድር መላሽ 199፣ ከዳተኛው 204 ነው። ከዳተኛው በለጠ! ነገር ግን ሁለት ብድር መላሾች ሲገናኙ 200 ጊዜ 3 ያገኛሉ፤ ለያንዳንዳቸው 600 ነው። ሁለት ከዳተኞች ሲገናኙስ? ለያንዳንዳቸው 200 ብቻ።

ይገርማል፤ ብድር መላሽ ከገጠመው ሰው በልጦ አያውቅም። ቢበዛ እኩል ይወጣል። ውድድሩን ያሸነፈው ጎረቤቱን በልጦ ሳይሆን ከብዙዎች ጋር 600 እየሰበሰበ ነው። ጎረቤቱ እንዳይበልጠው ብቻ የሚጨነቅ ገበሬ ይህን ድምር ሁለት ጊዜ ቢደምረው አይጎዳም።

አክስልሮድ ሌላም ነገር ሞከረ። ብዙ ነጥብ ያገኘው ሕግ በሚቀጥለው ዙር እንዲበዛ፣ ጥቂት ያገኘው እንዲያንስ አደረገ፤ ጥሩ ምርት የሰጠ ዘር ለከርሞ እንደሚመረጥ ሁሉ። መጀመሪያ ላይ የዋሆቹን የሚበሉ ተንኮለኞች በዙ። እየቆየ ግን የሚበሏቸው የዋሆች አለቁ። የሚበሉት ሲያጡ ተንኮለኞቹም ከሰሙ። እርስ በርስ የሚረዳዱት ሜዳውን ያዙት።

ሳይታወቅ የቀረ ጎረቤት

ብድር መላሽ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። እንዲህ እናስበው። የላይ ማሳው ሰው የወንፈሉ ዕለት ወባ ያዘው። ልጁን «ሂድና ንገርልኝ» ብሎ ላከ። ልጁ መንገድ ላይ ጨዋታ አገኘና ረሳው። የታች ማሳው ሰው ቆሞ ጠበቀ፤ ማንም አልመጣም። በሳምንቱ የላዩ ሰው ሊጠራው መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ የእኔ ተራ ነው፤ ማልደው ይደርሱልኝ?»

«እኔንም ወባ ይዞኛል።»

ያልታመመው ሰው «ታምሜአለሁ» ካለ ነገሩ ተበላሸ። አሁን የላዩ ሰው ይቀየማል። በሚቀጥለው እርሱ ይቀራል። ከዚያ ይኸኛው። በጠጠሩ ጨዋታ ብናሰላው አንድ ቀን 5፣ አንድ ቀን ባዶ እየተቀባበሉ ይኖራሉ፤ አማካዩ ሁለት ተኩል ነው፤ ከሦስት ያንሳል። ሁለተኛ ስሕተት ቢጨመርበት ደግሞ ሁለቱም ጥቁር እስከማውጣት ይደርሳሉ። ከሁለቱ አንዱም ክፉ አልነበረም። ቂም እንዲህ ነው የሚጀምረው። በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ስንቱ ደም መነሻው ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ነበር!

ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግሙንድ የተባሉ ሁለት ኦስትሪያውያን በ1992 እ.ኤ.አ. ስሕተት ያለበትን ጨዋታ በኮምፒዩተር አጫወቱ። በመጀመሪያ የበዛው ከዳተኛው ነው። ቀጥሎ ብድር መላሽ ከዳተኛውን አጠፋው። ከዚያ ደግሞ ብድር መላሽን ራሱን የሚበልጥ መጣ። ይህኛው እንደ ብድር መላሽ ነው፤ ግን ጥቁር ሲወጣበት አንዳንዴ በነጭ ይመልሳል። ይቅር ይላል ማለት ነው። ስንት ጊዜ ይቅር ይበል? በእኛ የ5፣ 3፣ 1፣ 0 ነጥብ ሲሰላ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ይቅር ባይ ከሆነ ከዳተኛው ይለምድበታል፤ «ይኸ ሰው ምን ቢያደርጉት ይመጣል» ይላል። ጨርሶ ይቅር ካላለ ደግሞ ከቂም አይወጣም።

እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሽማግሎች ናቸው። ነጭ ጠጠሩን ቀድሞ ማውጣት ለተቀየመ ሰው ሞት ነው፤ «ፈራ» ይባላል። ሽማግሌ በመሐል ሲገባ ግን ሁለቱም «ለሽማግሌ ብዬ ነው» ብለው እኩል ነጭ ያወጣሉ። ይኸ እንኳ ኮምፒዩተሮቹ ያልነበራቸው ጥበብ ነው።

ራሱ የሚማር ተጫዋች

እስካሁን ያየናቸው ተጫዋቾች ሕጋቸውን የጻፈላቸው ሰው ነው። ዛሬ ያሉት ግን ራሳቸው ይማራሉ። እንዴት? ወይፈን ቀንበር ሲለምድ አይታችኋል። መጀመሪያ ወዲያም ወዲህም ይረግጣል። መስመር ሲስት ጅራፍ፣ መስመር ሲይዝ «ጎሽ!» ይባላል። እየቆየ ይለምዳል። ሰው ሠራሹ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሞክራል። ነጥብ ያስገኘለትን ይደጋግማል፤ ያሳጣውን ይተዋል። ልዩነቱ፣ እርሱ በአንድ ሌሊት እልፍ ጊዜ መሞከር መቻሉ ነው።

እንዲህ ያሉ ሁለት ተማሪዎችን በጠጠሩ ጨዋታ ብናገናኛቸው ብዙ ጊዜ ጥቁር ጥቁር ማውጣት ይማራሉ። ለምን ይመስላችኋል? እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ብቻ ያያል። ጎረቤቱን እንደ ድንጋይ፣ እንደ ዝናብ ይቆጥረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ያኮብ ፎርስተርና ጓደኞቹ አንድ ነገር ጨመሩበት። ተጫዋቹ «ዛሬ የማደርገው ነገር ጎረቤቴን ለነገ ምን ያስተምረዋል?» ብሎ እንዲያሰላ አደረጉት። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው ብድር መላሽነትን ራሳቸው አገኙት። መጡ፤ መጣባቸው። ቀሩ፤ ቀረባቸው። በዚያው ወንፈል ተማሩ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ያለው ዲፕማይንድ የተባለ ድርጅት ሁለት ጨዋታ አሳይቶ ነበር። በአንደኛው ሁለት ተጫዋቾች ፖም ይለቅማሉ። እያንዳንዱ ሌላውን ለጥቂት ጊዜ ከሜዳው የሚያስወጣበት መሣሪያ አለው። ፖሙ ሲበዛ መሣሪያውን ብዙም አይነኩትም። ፖሙ ሲያንስ መተኳኮስ ይማራሉ። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ተኩላዎች አንድ አውሬ ያድናሉ፤ ተቀራርበው ከያዙት ሁለቱም ብዙ ነጥብ ያገኛሉ። እዚህ ላይ ተባብረው ማደን ተማሩ። ልብ በሉ፤ ተጫዋቾቹን የበለጠ አስተዋይ ሲያደርጓቸው፣ በተኩላው ጨዋታ ይበልጥ ተባበሩ፤ በፖሙ ጨዋታ ግን ይበልጥ ተተኳኮሱ። ብልኅ መሆን ብቻውን ጎረቤት አያደርግም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሦስተኛ ጨዋታ ወጣ። በዚህኛው ፖሙ ተለቅሞ ይበቅላል፤ የሚበቅለው ግን አጠገቡ ሌላ ፖም ከተረፈ ብቻ ነው። ሁሉም ከተለቀመ ሜዳው ባዶ ይቀራል። ተጫዋቾቹ ለቀማ ሲለምዱ ሜዳውን አራቆቱት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ራሃድ የሚባለው የሽንፋ ወንዝ በበጋ መፍሰሱን ያቆማል፤ ኩሬ ኩሬው ብቻ ይቀራል። ዓሣው እዚያ ይታሰራል። ሁሉም መረብ ይዞ ከወረደ ለክረምት የሚራባ አይተርፍም። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ከ74 ሺህ ዓመት በፊትም በዚሁ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ከኩሬው ዓሣ ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎች ከመሬት ባወጡት አጥንት አውቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። የመተማ እጣን ዛፍም እንዲሁ ነው። ቅርፊቱ በልክ ከቆሰለ ለዓመታት ያነባል። አንዱ «እኔ ብተወው ሌላው ያቆስለዋል» ብሎ ቁስል ከጨመረበት ይደርቃል።

የባሌ ገበሬዎች

ይህስ የኮምፒዩተር ነገር ነው፤ በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ? ተሞክሯል፤ ያውም በአገራችን። ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንገልና ሚኻኤል ኮስፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በባሌ ደን በጋራ የሚጠብቁ 49 ቡድኖችን አጠኑ። ገበሬዎቹን ከጠጠሩ ጋር የሚመሳሰል የመዋጮ ጨዋታ በብር አጫወቷቸው። «ጓደኛህ ይህን ያህል ቢያዋጣ አንተ ስንት ታዋጣለህ?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ሌላው ምንም ቢያዋጣ አላዋጣም አለ። ሌላው «እርሱ ካዋጣ አዋጣለሁ» አለ። ይህ የእኛው ብድር መላሽ ነው።

ቀጥሎ የጨዋታውን ውጤት ከየቡድኑ ደን ሁኔታ ጋር አነጻጸሩ። ብድር መላሾች የበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ እነዚህ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተው በደኑ ውስጥ እየዞሩ ይጠብቃሉ። ደኑን ያተረፈው «እርሱ ካዋጣ አዋጣለሁ» የሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን ተነሥቶ ማየትም ነበር። ይህ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል።

የመጨረሻው ቀን

አሁን ወደ ሰሊጣችን እንመለስ። ወንፈል የሚጸናው ጎረቤት ነገም ጎረቤት ስለሆነ ነው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛስ? ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ገበሬውና ሠራተኛው ላይገናኙ ይችላሉ። ጨዋታው ወደ አንድ ጊዜ ጨዋታ ይጠጋል፤ ጥቁሩ ጠጠር ያጓጓል። ሠራተኛው ቀብድ ተቀብሎ፣ ሌላ ቦታ የተሻለ ዋጋ ሲሰማ፣ በሌሊት ጥሎ ይሄዳል። ገበሬው በበኩሉ ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋ ይቆርጣል፤ «አገዳው ተበታትኗል፣ ሂላው ወድቋል» ይላል። ሁለቱንም አይተናል። ማን ጀመረው ብሎ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም፤ ሁለቱም «እርሱ ሳይቀድመኝ» ብለው ነው።

የመጨረሻውን ቀን የሚያስረዝም ዘዴ ግን አለ። አንዱ ዋስ ነው። ሠራተኛው ሄዶ ቢጠፋ ዋሱ አይጠፋም። ዕቁብ ውስጥ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ዋስ የሚጠራው ለዚሁ ነው፤ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ነጭ ጠጠር ማውጣቱን እንዳይረሳ። ሌላው ዘዴ ሠራተኞቹ ከአንድ መንደር እንዲመጡና ለከርሞም ወደዚያው ገበሬ እንዲመለሱ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ነው። ስም፣ ቀን፣ የማሳው ስፋት፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ የተሰጠው ቀብድ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። አንድ ገጽ አይሞላም። ሁለቱም ማንበብ ከቻሉ አንዱ ቅጂ በገበሬው፣ አንዱ በሠራተኛው እጅ ይቀመጣል።

ጨዋታውን ቤታችሁ ለመጫወት ለምትፈልጉ አንድ ነገር እንጨምር። ዙሩን አትቁጠሩ። አሥር ዙር ብላችሁ ከተስማማችሁ በአሥረኛው ሁሉም ጥቁር ያወጣል፤ ያን የሚያውቅ በዘጠነኛው ይጀምራል። ሦስተኛ ሰው አስቀምጡ። በጣሳ ውስጥ ዘጠኝ የማሽላ ፍሬና አንድ ሽንብራ ይጨምር። ከያንዳንዱ ዙር በኋላ ሳያይ አንድ ያውጣ፤ ማሽላ ከሆነ መልሶ ይክተተው፣ ጨዋታውም ይቀጥል። ሽንብራ የወጣ ዕለት ጨዋታው አለቀ፤ ፍሬያችሁን ቁጠሩ።